ሠላሳ አንዱ ብየዳ የተቆረጠበት ምክንያት

የሞታቸው ወሬ የደረሰኝ ጠዋት ነው፤ ሥራ ገብቼ ገና ወንበሬ ላይ መቀመጤ ነበር። የምኖረው በባሕረ ሰላጤው ዳር ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው። የባሕር ውሃ አጣርቶ መብራት ጭምር የሚያመነጭ ድርጅት ውስጥ የቧንቧ ንድፍ እመረምራለሁ። ከሚሴ ያለችው ታናሽ እህቴ የድምፅ መልእክት ልካልኛለች። እህቴ ድምፅ ከላከች ነገሩ ረዥም ነው ማለት ነው፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«እትዬ፣ እንዴት አደርሽ፣ ሙቀቱስ እንዴት አደረገሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እንዲያው ምን ልበልሽ፣ በያጁ አያ አኼራ ሄዱ። ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። የሰዉ ብዛት ለጉድ ነው፤ ከጨፋ ሮቢት፣ ከባቲ ሳይቀር መጥቷል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለቅሶው ላይ ምሳ እያቀረብን አንዱ ሰውዬ፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ‹ደግ ሰው ነበሩ፤ ያ የፋብሪካው ብየዳ ባይበላሽባቸው ኖሮ እጃቸውም እንደተመሰገነ ይሞቱ ነበር› አለ። ልጃቸው እዚያው ተቀምጦ ሰማ፤ አንገቱን ደፋ። አሁን እኮ ያባቱን ሱቅ ይዞ የሚበይደው እሱ ነው። ‹የዚያ የተቆረጠበት ሰውዬ ልጅ› እያሉ ሥራ የሚነፍጉት አሉ አሉ። አንቺ ያኔ እዚያ አልነበርሽ? እውነት ተበላሽቶባቸው ነው?»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ከዚያ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት፤ የመጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ ሦስተኛ ጊዜ ሰማኋት።

አልተበላሸባቸውም። እሳቸው እጅ ላይ የተበላሸ አንድም ነገር አልነበረም። የተበላሸው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእህቴ በድምፅ ልመልስላት ሞከርኩና አቃተኝ፤ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ፋብሪካው ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጨፋ ሜዳ ሲወረድ ነው። ከበቆሎ ስታርችና ግሉኮስ ያወጣል። መብራት እየሄደ እየመጣ ቢያስቸግረው ባለቤቱ የራሱን የኃይል ማመንጫ ሊተክል ቆረጠ። የበቆሎ ቆረቆንዳና የማሽላ አገዳ የሚያነድ ቦይለር፣ ቦይለሩ በሚያወጣው እንፋሎት የሚዞር ተርባይን፤ ከተርባይኑ የሚተርፈው እንፋሎት ደግሞ ወደ ፋብሪካው ሄዶ የበቆሎውን ማብሰያ ጋኖች ያሞቃል። ትንሽ ነገር ነው፤ ለሀገራችን ግን ትልቅ ነበር። ባጃጁም ሚኒባሱም እዚያ ጋ ሲደርስ ቀስ ይል ነበር፣ ሰዉ ጭስ ማውጫው ሲቆም እንዲያይ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ነው። አገሬ ላይ ሥራ ተገኘ ሲባል ደስ ብሎኝ መጣሁ፤ እናቴም «እፊቴ ሆነሽ ብትሠሪ» ስትል ነበር። ተከላውን የያዘው ድርጅት የቧንቧውን ክፍል ለኔ ሰጠኝ።

ለማያውቅ ሰው ይህን ላስረዳ። ኮድ የምንለው መጽሐፍ ነው። የቧንቧ ግድግዳ ስንት ሚሊሜትር መሆን እንዳለበት፣ ብየዳው እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ማን ፈትሾ እንደሚፈርም ይደነግጋል። መጽሐፉ ግን አንድ አይደለም። ለቦይለር የራሱ አለው፣ ለኃይል ማመንጫ ቧንቧ የራሱ፣ ለፋብሪካ ማቀነባበሪያ ቧንቧ ደግሞ የራሱ። ያው ብረት፣ ያው እንፋሎት ሆኖ መጽሐፉ ሲለያይ ልኩ ይለያያል። የኃይል ማመንጫው ኮድ ብረትን አብዝቶ አያምንም፤ ወፈር አድርጉት ይላል። የማቀነባበሪያው ኮድ ብረቱን ትንሽ የበለጠ ያምነዋል፣ ቀጠን ቢልም ያሳልፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ በየቦታቸው ከዋሉ።

የመስመሮቹ ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቧንቧ አንድ ረድፍ። ከዓምዶቹ አንዱ «ኮድ» ይላል። ከዘይት ፋብሪካው የለመድኩትን የማቀነባበሪያ ኮድ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጻፍኩና እስከ ታች ድረስ ጎተትኩት። ሁሉም ሞላ። ያንን ለማድረግ የፈጀብኝ ጊዜ ቢስሚላህ ለማለት አይበቃም፤ አላልኩምም። አዲስ አበባ ያለው የድርጅቱ መርማሪ ፈረመበት፣ ቧንቧው ታዘዘ፣ መጣ፣ መበየድ ተጀመረ።

የሚበይዱት እሳቸው ነበሩ። ሳይቱ ሁሉ «አያ» ይላቸዋል። ወጣት ሳሉ ስኳር ፋብሪካዎች እየዞሩ የእንፋሎት ቧንቧ በይደዋል፤ ካረጁ በኋላ ከሚሴ ላይ ሱቅ ከፍተው የበርና የመስኮት ፍሬም ይሠሩ ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ጠዋት ሲያገኙኝ «አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ቲያ» ይሉኛል፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ነው፤ እኔ «አልሃምዱሊላህ» እላለሁ፤ ከዚያ ወሬ የለም፣ ሥራ ነው። የመበየጃ ኤሌክትሮዳቸውን ከማሞቂያው ሳጥን የሚያወጡት አንድ በአንድ ነው። እሳቱን ከመለኮሳቸው በፊት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ መገጣጠሚያ ሲጨርሱ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ብረቱ በረድ እስኪል ጠብቀው፣ ስፌቱን በጣታቸው ዳብሰው ያዩታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚዳብሱት። የብየዳውን ውስጥ የሚያሳየው የራጅ ፊልም ከመምጣቱ በፊት «ይህ ደህና ነው» ካሉ ፊልሙም ደህና ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ሲለያዩ አላየሁም።

ለሌሎቹ በያጆች ምሕረት አልነበራቸውም፤ በቀልድ ነው የሚገርፏቸው። አንዱ ረዳታቸው ነበር፣ ጎልማሳ፣ የባቲ ሰው፣ ስፌቱን አብዝቶ የሚከምር። «ይህ ብየዳ ነው ወይስ የበግ ላት?» ይሉታል። «ባቲ ገበያ ብታወጣው ግመል ሊገዛ የመጣ ሁሉ ዞሮ አያይህም።» እሱም አይተኛላቸውም። «አያ፣ ላት የሌለው በግ ማን ይገዛል?» ይላል። ሳይቱ ይስቃል፤ ላቱ ግን እስኪስተካከል ይሞረዳል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ንድፉን ቧንቧ ላይ ዘርግተው ጠሩኝ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ንድፍ ግን ከብዙ መሐንዲስ በላይ ያነባሉ።

«ኢንተላ ቲያ፣ ነይ እስቲ። ይህ ቧንቧ በማን ሕግ ነው የሚሄደው?» ጣታቸው ከጋኖቹ አጠገብ ያለው መስመር ላይ ነበር።

«በማቀነባበሪያው ኮድ።»

«ይህኛውስ፣ ከእሳቱ ወጥቶ ወደ ተርባይኑ የሚሄደው?»

«እሱም ያው ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አያ። አንድ ግቢ አይደል?»

የባቲው ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «አያ ደግሞ፣ ቧንቧ ዳኛ ያስፈልገዋል እንዴ? ቃዲ ጋ እንውሰደው?»

«አንተ ሂድና ላትህን ሞርድ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አባቴ የውሃ አባት ነበር። ከቦርከና የተጠለፈ ቦይ ነበረን። ከመጥለፊያው እስከ መክፈያው ድረስ ቦዩ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። እዚያ ላይ ግድቡ ስንት ክንድ እንደሚወፍር፣ ማን መቼ እንደሚጠርገው የሚናገረው የውሃ አባት ነው። አንዱ ተነሥቶ ‹እኔ ጋ ቀጭን ይበቃል› ቢል አይሰማም። እዚያ ላይ ከተናደ ሜዳው በሙሉ ነው የሚሄደው። ከመክፈያው ወዲያ ግን የራስህ ነው፤ ብትፈልግ በእጅህ ጫር፣ ብትፈልግ በቆርቆሮ ውሰደው። ቢናድ ያንተ ማሳ ነው። ሁለቱን በአንድ ሕግ የሚያስተዳድር ሰው አይቼ አላውቅም። አሁን አንቺ የምትይኝ ከመጥለፊያው እስከ ማሳው አንድ ነው ነው። ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉን እኔ አላነበብኩም። ግን እንዲያው ልቤ ደስ አላለውም።»

«ይህ ውሃ አይደለም አያ» አልኩ። የተማረ ሰው ኩራት ሳይኖርበት አልቀረም አነጋገሬ።

«ልክ ነሽ» አሉ፣ ንድፉን እያጠፉ። «ይህ የባሰ ነው።»

ዙህር ሰገድኩ። ስንቴ እንደሰገድኩ እስኪጠፋኝ ልቤ እዚያ ንግግር ላይ ነበር፤ ደግሜ ሰገድኩ። ቢሮ ወዳደረግነው ኮንቴነር ገብቼ መጻሕፍቱን ከፈትኩ። ተማሪ ሆኜ ሁልጊዜ የማነበው ቀመሩን ነበር፣ የውፍረቱን። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዘለዋለሁ፤ ቁጥር የለበትማ። ያን ቀን መጀመሪያውን ምዕራፍ አነበብኩ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ሥራውን የሚጀምረው ወሰኑን በመናገር ነው። እኔ የማዘው ከዚህ እስከዚህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌላኛውን መጽሐፍ ጠይቁ ይላል። ከቦይለሩ አፍ እስከ ሁለተኛው መዝጊያ ቫልቭ ያለው የቦይለሩ ሕግ የሚቆጣጠረው ነው። ከዚያ እስከ ተርባይኑ የኃይል ማመንጫው ነው። የማቀነባበሪያው ኮድ ቦታው ተርባይኑን አልፎ፣ ወደ ጋኖቹ ሲከፋፈል ነው። አያ ያሉት፣ መጥለፊያና መክፈያ። ይህን ያህል ትልቅ እውቀት የያዘ መጽሐፍ ገና በመግቢያው «ይህ የኔ አይደለም» ማለቱን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ፤ ከሰውም የምወደው ጠባይ እሱን ነው።

ውፍረቱን እንደገና አሰላሁት። ወደ ተርባይኑ የሚሄደው ቧንቧ በማቀነባበሪያው ኮድ በጭንቅ ያልፋል፤ በኃይል ማመንጫው ግን አያልፍም። የጎደለው የጥፍር ውፍረት ያህል ነው። ሦስቴ አሰላሁት። የቀጠነው ቧንቧ ደግሞ ተበይዶ ቆሟል።

ከድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ በፊት የነገርኩት ለእሳቸው ነው። የአስር ሶላት ሰግደው ሲወጡ በር ላይ ጠበቅኋቸው።

«አያ፣ ልክ ነበሩ። ስህተቱ የኔ ነው። ቧንቧው ይቀየራል።»

ቆም አሉ። «ስንት ብየዳ ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

ሠላሳ አንዱንም በራሳቸው እጅ ነው የበየዱት፤ ከተርባይኑ በፊት ያለውን መስመር ለማንም አይሰጡም ነበር። «እጄ ላይ ያገኘሽው ነገር አለ?» አሉኝ።

«ወላሂ የለም። ፊልሞቹ አሉ፣ ሁሉም ንጹሕ ናቸው።»

«እንግዲያስ ይቆረጣል» አሉ። «እንፋሎቱ ሳይነግርሽ ቀድመሽ ማወቅሽን አመስግኚ።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ንድፉ ላይ ስህተት አለ ከተባለ ባለቤቱ ንድፉን በሙሉ እንደ አዲስ አስመርምሮ ሥራውን ያቆማል፣ እኔም እባረራለሁ፣ ድርጅቱም ስሙ ይጠፋል ብሎ ፈራ። ብየዳ መድገም ግን የትም ሳይት ያለ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ወደ ተርባይኑ የሚሄደው መስመር ብየዳ አላረካንም፤ ተቆርጦ ይደገማል» አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ዝርዝሩ እጄ ላይ ነው። ሁሉም ወደ አያ ዞረ። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። አሁን ሳስበው፣ ያላዩኝ ሰዉ ዓይናቸውን ተከትሎ እንዳያየኝ ብለው ነው።

ስብሰባው ሲበተን ተከትያቸው ሄድኩ። «ልናገር ነው» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ለሁሉም። እውነቱ ይህ አይደለም።»

«ተይው። ቧንቧው ተስተካክሏል አይደል? የኔን እጅ ሀገሩ ያውቀዋል፤ ከሚሴ ላይ በር ያልሠራሁለት ቤት ጥቂት ነው። ያንቺን ግን ገና አላወቀውም። ካገራችን ሴት ልጅ መሐንዲስ ሆና ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገ ሌላዋ ስትመጣ ‹ያቺም አበላሽታ ነበር› ብለው ነው የሚቀበሏት። እኔ ላይ ይደር።»

ይህን ስሰማ አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እፎይ ነው ያልኩት። ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ።

የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። የመቁረጫ ግራይንደሩን ለሌላ ሰው አልሰጡም። እያንዳንዱን ከቆረጡ በኋላ ገልብጠው የውስጡን ስፌት ያዩታል፣ ያስቀምጡታል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አንዱን አነሣሁት። ማንም የማያየው የውስጥ ወገን እንደ ሽሩባ እኩል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልጎደለም፣ አላበጠም። እንዲህ ያለ ብየዳ ከዚያ ወዲህ የብዙ አገር ሰዎች በሠሩት ላይ ፈልጌያለሁ። ጥሩ አይቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አላየሁም።

ወፍራሙ ቧንቧ ሲመጣ ቀልዱ ተጀመረ። «አያ ቀጭኑን አቃጥለውት ወፍራም መጣላቸው» ተባለ። የባቲው ሰውዬ እንኳ፣ የሚወዳቸው፣ «እንግዲህ የበግ ላት ያሉኝን አውፍ በሉኝ፣ ሁላችንም ላት አለብን» አላቸው። «አዎ» አሉት፣ «ለኔ ወፍራም ቧንቧ መጣ፣ ላንተ የድልድይ ብረት ነው የሚመጣልህ።» ሳቁ። ሲስቁ ያየ ሰው ምንም እንዳልከበዳቸው ነው የሚያስበው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስፌታቸውን ሲዳብሱ ዓይናቸውን መጨፈን እንደተዉ አይቻለሁ። ከፍተው ነበር የሚያዩት፣ ደጋግመው። የሰው ወሬ ያን ያህል ገብቶ ነበር።

አዲሱ ተበየደ፣ ተፈተሸ፣ ውሃ በግፊት ተሞልቶ ታየ፤ ጠብ አላለም። እንፋሎቱ መጀመሪያ የተለቀቀ ቀን አያ መቁጠሪያ ተስቢሃቸውን ይዘው ከመስመሩ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቧንቧው ሲሞቅ እየተለጠጠ ይንቋቋል፤ ሌላው ሰው ሲሸሽ እሳቸው አልተነሡም። ተርባይኑ ዞሮ መብራት ሲበራ አጨበጨብን። እሳቸው «ማሻአላህ» ብለው ሱሪያቸውን አራገፉና ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ያ መስመር እስከ ዛሬ እየሠራ ነው ይሉኛል።

ከወራት በኋላ ወደዚህ መጣሁ። እዚህ የምሠራው ያንኑ ነው፤ ዝርዝሩ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የኮዱን ዓምድ ነው። ባልደረቦቼ ቧንቧዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ስጠይቅ አሰልቺ ይሉኛል። በየዒዱ እደውልላቸው ነበር። አንድ ዒድ ላይ «አያ፣ ስለዚያ ነገር አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። «ያኔውኑ ብያለሁ። ሌላ ወሬ አምጪ፣ እዚያ አገር ብየዳው እንዴት ነው?» አሉኝ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ አመንኩ።

አላለቀም። እሳቸው ይቅር ያሉት የራሳቸውን ሐቅ ነው፤ የልጃቸውን ሐቅ ይቅር የማለት መብት አልነበራቸውም። ተይው ያሉኝ ሀገሩ እጃቸውን ያውቀዋል ብለው ስላመኑ ነው። ሀገሩ ግን ረሳው፤ የቀረለት የሥራ አስኪያጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሱም ልጁ ላይ ወደቀ። እሳቸው ስማቸውን ሰጥተውኝ እኔ በስማቸው አገር አቋርጬ እየኖርኩ፣ ልጁ በዚያው ስም ሥራ ሲያጣ ዝም ብል ነገ አላህ ፊት እንዴት አድርጌ ነው የምቆመው። ለእህቴ ይህንኑ ጽፌ ልኬላታለሁ፤ ለልጃቸውም፣ ያኔ አብረውን ለሠሩትም እንድታነብላቸው።

የኔ ጽሑፍ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እሩቅ ያለ ሰው ያሻውን ይጽፋል ይባላል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበራችሁትን እለምናችኋለሁ። ሥራ አስኪያጁ የተናገረውን ሰምታችኋል፤ እኔ ዝም ማለቴንም አይታችኋል። እውነቱን አሁን ሰማችሁ። ከተቆረጠው ቧንቧ ለማጠፊያ፣ ለመደገፊያ፣ ለምንም ብላችሁ ቤታችሁ የወሰዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቁራጩ ላይ ብየዳው ካለ ዝገቱን ጥረጉና የውስጡን ስፌት እዩት። ከዚያ ጁምዓ ስትወጡ ይዛችሁት ወደ ልጃቸው ሱቅ ሂዱ፤ ሰው ባለበት ስጡት። በያጅ ነው፤ ስታሳዩት ያነበዋል። እኔን የምትወቅሱበት ነገር ካለም በእህቴ በኩል ላኩብኝ፤ እቀበላለሁ። እሳቸውን ግን ከዚህ በኋላ ለቅሶ ቤት ስታነሷቸው ‹ባይበላሽባቸው ኖሮ› አትበሉብኝ።